አደራ በሮኬት

ልጄ ኤልዳድ ሂዩስተን ሥራ የያዘ ጊዜ አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ግን እኔ ሰብለወርቅ ነኝ። የልጄን ሥራ ለሰው ሳልናገር የማድር ሴት አይደለሁም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬን ጸጋን ፓርኪንግ ላይ መኪናዋ ውስጥ ሳትገባ ያዝኳትና፣ ወደ ጠፈር ጣቢያ የሚሄደውን ዕቃ የሚጭነው ኤልዳድ መሆኑን ነገርኳት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ልጄ እዚያ ላይ ለሚኖሩት ሰዎች የሚላከውን ካልሲና የታሸገ ምግብ ነጭ ቦርሳ ውስጥ ከሚጠቀጥቁት ሃያ ሰዎች አንዱ ነው። "ከሃያዎቹ አንዱ" ብላ ስለ ልጇ የምታወራ እናት ካለች ግን አምጡልኝ፣ ልያት።

እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ጸጋ ትንሽ አሰበችና ሮኬቱ መቼ እንደሚሄድ ጠየቀችኝ። ኤፕሪል ላይ አልኳት።

"ቦታ አለው?" አለችኝ።

እንግዲህ ይቺ ጥያቄ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለችም። ዳላስ ውስጥ አንድ ሰው ለአዲስ አበባ ቲኬት ቆረጠ ከተባለ ስልኩ እረፍት የለውም። የአንዱ እናት የደም ግፊት መድኃኒት፣ የአንዷ የእህት ልጅ ስኒከር፣ ሁሉም "ትንሽ ነገር ናት፣ ቦታ አትይዝም" እየተባለ ይመጣና፣ ሰውዬው የራሱን ሱሪ አውጥቶ የሰው ቫይታሚን ተሸክሞ ይሄዳል። እምቢ አይባልም፤ ነገ እሱም ይልካል። ሶ፣ ጸጋ መንገደኛ መኖሩን ሰማች፣ ቦታ አለው ወይ አለች። መንገደኛው ሮኬት መሆኑ እሷን ምን ገዷት። የገረመችኝ እሷ አይደለችም፣ እኔው ነኝ። "አይጠፋም" አልኳት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳላስ አጠገብ ዋይሊ ያለው ቤቴ የኤርፖርት ሻንጣ መረከቢያ ሆነ። ጸጋ እዚያ ላይ ያሉት ሰዎች ምግባቸው ጣዕም እንደሌለው ዩቲዩብ ላይ አይታ አዝናላቸው፣ በቫይታሚን ጠርሙስ ሚጥሚጣ ሞልታ መጣች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኢዩ ደግሞ አድራሻችንና የአምልኮ ሰዓታችን የተጻፈበትን የግድግዳ ካሌንደር ጠቅልሎ አመጣ። ከዚያ ተነሥቶ እሑድ ዕለት አዲሰን ቤተ ክርስቲያናችን ድረስ የሚመጣ ማን አለ ብዬ ብጠይቀው፣ ሰው አንድ ቀን መመለሱ አይቀርም አለኝ። የሠርግ ፎቶ የላከችም አለች፤ ባሏን ሳታስፈቅድ ነው።

ከሁሉም በኋላ ጋሽ ክብረት መጡ። ጋሽ ክብረት ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ሃያ ስድስት ዓመት የኤርፖርት ሸትል ነድተው፣ አሁን ሪታየር አድርገው አዲሰን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ዘመድ የሚሉት ሰው የለ። በዓል ሲመጣ እኛ በተራ እንጠራቸዋለን። መጥተው በሩ አጠገብ ይቀመጡና፣ ምግቡን ነካ ነካ አድርገው፣ ማንም ሳይነሣ ተነሥተው ይሄዳሉ። ከሰው ምንም ጠይቀው የማያውቁ ሰው ናቸው። እና በሬን ሲያንኳኩ ደነገጥኩ።

መዳፍ የምታህል፣ በአቡጀዲ ተጠቅልላ ዙሪያዋን የተሰፋች ነገር ሰጡኝ። ጨርቁ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ቢጫ ሆኗል። ስፌቱ ግን ልቅም ያለ የልብስ ሰፊ ስፌት ነው። ባዶ ነው እስክል ድረስ ቀላል ናት። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

"ይመለሳል ወይስ እዚያው ነው የሚቀረው?" አሉኝ።

እኔ ምን አውቄ። እዚያው የሚቀር ይመስለኛል አልኳቸው።

"እዚያው ይቅር" አሉ። "አደራ፣ ሰብለ።"

አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይባላል። እኔ ሴትዮዋ ሁለቱንም በእጄ ይዤ ቀረሁ።

በማግስቱ ለኤልዳድ ኮል አደረግኩለት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲረዳ ያቺን የአሜሪካ አማርኛውን ጀመረልኝ። እዚያ ካልሲ እንኳ በግራም እንደሚመዘን፣ አንዲት ወረቀት ቢጨምር ከሥራ እንደሚባረር፣ ነገሩ በመባረር ብቻ ለማብቃቱም ዋስትና እንደሌለው ነገረኝ። "ማሚ፣ ይኼ ቦሌ አይደለም" አለ። ልክ ነው። ያን ቀን ሁሉንም ሰብስቤ ለየባለቤቱ መመለስ ነበረብኝ። ማለቴ፣ አውቄዋለሁ። ግን አስቡት፤ የጸጋን በር አንኳኩቼ "ልጄ ሚጥሚጣሽን መጫን አይችልም" ልበል? ከሃያዎቹ አንዱ መሆኑ ሊወጣ? ይሉኝታ ያዘኝ፣ ኩራትም ያዘኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲይዙ ሰው አይላወስም። ዕቃውን በሙሉ በአሮጌ ሻንጣ ከትቼ የእንግዳ ክፍል ክሎዜት ውስጥ ብርድ ልብስ አለበስኩት።

እሑድ በመጣ ቁጥር "ተጫነ?" ይሉኛል። መጀመሪያ "እየተጫነ ነው" አልኩ። በሦስተኛው እሑድ "ተጭኗል" አልኩ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መድረኩ ፊት ለፊት። ጋሽ ክብረት ብቻ አልጠየቁኝም። እኔው በገዛ እግሬ ሄጄ የእርስዎም ተጭኗል አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና "ተመስገን" አሉ፣ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ግን ሰው ምድር እስክትከፈትለት እየጠበቀ እውነቱን አይናገርም።

ሮኬቱ የሚተኮሰው ከፍሎሪዳ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። ዕቃ የላኩት ሁሉ እኔ ቤት በቲቪ ሊያዩ ተቀጣጠሩ። ሰዎቼን ስለማውቃቸው ሰዓቱን አንድ ሰዓት አስቀድሜ ነገርኳቸው። እነሱም ሁለት ሰዓት ዘገዩ። ሮኬቱ ደግሞ በነፋስ ምክንያት እዚያው ቆሞ ጠበቃቸው። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ሐበሻን የጠበቀ ነገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳምቡሳውም ቀረበ፣ ሻዩም ተቀዳ። ጋሽ ክብረት ከረባት አስረው መጥተዋል፣ ሳህናቸውን አልነኩትም። ኢዩ እንጸልይ አለና ለሞተሩም፣ ለነዳጁም፣ ለአየሩም ለየብቻ ጸለየ። ሲጨርስ ቁጥሩ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነበር። ከዚያ እሳቱ ወጣ፣ ያ ነጭ ነገር ቀስ ብሎ ከመሬት ተላቀቀ። ጸጋ እልልታዋን አቀለጠችው። ሁሉም ብድግ አለ። ከኛ ዕቃ አንዲትም እዚያ ላይ እንደሌለች ከሰው ሁሉ ለይቼ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ከሁሉም በላይ ያለቀስኩትም እኔ ነኝ። ልጄ የጠቀጠቀው ካልሲ ሰማይ ሲወጣ ሳይ ሆዴ ባባ፣ ምን ላድርግ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ጭሱ መንታ ሆነ። ከዚያ ሰማያዊው ሰማይ ላይ ነጭ ደመና ቦግ አለና፣ ስብርባሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። የቲቪው ሰውዬ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ ያልተጠበቀ ሁኔታ ገጥሞናል አለ።  ከእንግዶቹ አንዱ፣ ውስጡ ሰው አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ። የለበትም፣ ዕቃ ብቻ ነው አልኩ። ወዲያው ኤልዳድ ደህና መሆኑን፣ በኋላ እንደሚደውልልኝ ቴክስት አደረገልኝ።

ጸጋ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ፊቷ ነጥቷል።

"ሚጥሚጣው ይሆን እንዴ?" አለችኝ።

ሳቄን ለመዋጥ ሳል ሳልኩ። እሷ ግን የምሯን ነው። ሌሎቹም ሰሙና ጉድ ፈላ። ጠርሙሱ በደንብ ተከድኖ ነበር ወይ ተባለ፣ መንግሥት ስብርባሪውን ከባሕር ለቅሞ ይመረምራል ተባለ፣ የሠርግ ፎቶ የላከችው በፎቶው ያገኙናል ብላ ወንበር ላይ ተዘረጋች። የኢዩ ካሌንደርማ ስልክ ቁጥር ሳይቀር አለበት። በመጨረሻ ኢዩ እጁን አነሣና፣ ለኤልዳድ ሲባል ከዛሬ ጀምሮ ማንም ማንንም ቢጠይቅ፣ ከዚህ ቤት ምንም ነገር አልተላከም ብሎ ሁሉንም ቃል አስገባ። በዚያ ወር ቤቴ ውስጥ የተነገረው የመጀመሪያው እውነት እሱ ነበር።

እውነቱን ልንገራቸው አፌን ስከፍት ጋሽ ክብረትን አየኋቸው። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ቲቪው ላይ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ሌሎቹን ረሳኋቸው። (የጸጋን ሚጥሚጣ እስካሁን አልመለስኩላትም። እየበላሁት ነው።) ሽማግሌ ሰው በኔ ውሸት ቤቴ ተቀምጦ ሲያለቅስ ማየት አልቻልኩም። ክንዳቸውን ይዤ ወደ እንግዳ ክፍል ወሰድኳቸው፣ በሩን ዘጋሁ፣ ብርድ ልብሱን ገፍፌ ሻንጣውን ከፈትኩ።

"ጋሽ ክብረት፣ አልተቃጠለም። ይኸው" አልኩና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ ሁሉንም ተናዘዝኩ። መዋሸቴን፣ ማፈሬን፣ ልጄ ከሃያዎቹ አንዱ መሆኑን ሳይቀር። ይቅር በሉኝ አልኳቸው። በደስታ ያቅፉኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

ጥቅሏን አዩአት። ፊታቸው ቀስ በቀስ ወደቀ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ሰብለ" አሉ፣ "ለምን ነገርሽኝ?"

ያለቀሱት ተገላገልኩ ብለው ነበር ለካ።

ነገሩን የነገሩኝ መሬት መሬቱን እያዩ ነው። ካርቱም እያሉ ፍቅሩ የሚባል ልብስ ሰፊ ጓደኛ ነበራቸው፣ አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። የእሳቸው የአሜሪካ ፕሮሰስ ቀድሞ አለቀና ዳላስ ደረሳቸው። ፍቅሩ ዳላስ እህት አለችው፣ እትዬ አባይነሽ የሚሏቸው። ይቺን ጥቅል በእጁ ሰፍቶ፣ ለእህቴ አድርስልኝ፣ አደራ ብሎ ሰጣቸው። መጥተው የመጀመሪያውን ወር መኪና የለም፣ መንገድ አይታወቅም። ቀጥሎ ሁለት ሥራ ሆነ። ዓመት ሲሞላ ደግሞ ዓመት ሙሉ የት ነበርክ ብትለኝስ ብለው አፈሩ። በሁለተኛው ዓመት ፍቅሩ እዚያው ካርቱም በወባ ሞተ። እህቱ ቤት ለቅሶ ሄዱ፣ ጥቅሏን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ሴትዮዋ መሬት ላይ ናቸው። እንዴት ብለው ያውጧት። ይዘዋት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በቆየ ቁጥር ከበደ፣ በከበደ ቁጥር ቆየ። ከፍተው እንዳያዩት አደራ አይከፈትም። እንዳይጥሉት አደራ በላ ሊሆኑ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ከአፓርትመንት አፓርትመንት ተሸክመዋት ዞሩ። እኔ ስለ ሮኬቱ ሳወራ ሲሰሙ፣ ራሱ እግዚአብሔር የላከልኝ ነው አሉ። ሲቃጠል ደግሞ ማንም ሳይበላው እሳት በላው ብለው አመሰገኑ።

"ሴትየዋስ? ሞተዋል?" አልኩ።

"አለች።"

"አዲስ አበባ ተመለሱ?"

"ግሬፕቫይን ናት።"

እኔ ቶሎ የምናደድ ሴት ነኝ፣ ግን እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ግሬፕቫይን! ከአዲሰን ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሰውዬው የነዱት እዚያው ግሬፕቫይን አፍንጫ ሥር ያለ ኤርፖርት ነው፤ ወደ ሴትየዋ ቤት የሚያስወጣውን ኤግዚት ሃያ ስድስት ዓመት በቀን አራት ጊዜ አልፈውታል። ሃያ አምስት ደቂቃ ከመንዳት አደራውን ሰማይ መስደድ ቀሏቸዋል። ይኼን ሁሉ ፊታቸው ላይ ተናገርኩ። ስጨርስ፣ እኔም አምስት ሰው ደጃፍ ላይ ዕቃ ከመመለስ ሮኬት ላይ ጫንኩ ብዬ የዋሸሁ ሰው መሆኔ ትዝ አለኝና ቁልፌን አነሣሁ።

"ይነሡ፣ እንሄዳለን።"

ስልክ እንኳ ሳንደውል አይሆንም አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳይደውሉ ኖረው ዛሬ ምን ቸገረዎት አልኳቸው። እንግዶቼን ሳምቡሳው ላይ ትቻቸው በጋራዥ በኩል ወጣን።

 ጋሽ ክብረት መንገዱን ሁሉ ጥቅሏን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘዋታል። ኤርፖርቱ ጋ ስንቃረብ ኤግዚቷን እኔ አላውቃትም ነበር፤ እሳቸው ሳልጠይቃቸው በጣታቸው አሳዩኝ። ቤቱንም ያውቁታል፣ ቁጥሩን ሳይቀር። ስንት ጊዜ መጥተው ከበሩ ተመልሰው ይሆን ብዬ ማሰብ ስጀምር ንዴቴ ለቀቀኝ።

እትዬ አባይነሽ ከቤቱ ጎን የተከሏትን ጎመን በዱላቸው ተደግፈው ውሃ ሲያጠጡ አገኘናቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነዋል። የኦርቶዶክስ ሰው ስለሆኑ እኔ አላውቃቸውም ነበር፤ ጋሽ ክብረት ግን ለቅሶ ላይ ያዩአቸዋል። ጋሽ ክብረት ሰላም አላሉም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጥቅሏን ሰጡና አንገታቸውን ደፉ። እትዬ አባይነሽ የውሃውን ጎማ ለቀቁት። ጨርቁን አላዩትም፣ በጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱት።

"የፍቅሩ እጅ ነው" አሉ።

ጋሽ ክብረት ይቅርታ ሊጀምሩ ሲሉ አቋረጧቸው። ለካ ፍቅሩ ያኔ ለእህቱ በስልክ ነግሯቸው ነበር፤ ከክብረት ጋር ልኬልሻለሁ፣ ጠብቂው ብሎ። ጠበቁ። በየለቅሶው ጋሽ ክብረትን ባዩ ቁጥር ዛሬ ይሰጡኛል ይላሉ። ሳይሰጡ ሲሄዱ፣ መንገድ ላይ ጠፍቶባቸው ይሆናል፣ ጠይቄ ለምን አሳፍራቸዋለሁ ይላሉ። እንዲህ እየተባለ ሠላሳ አራት ዓመት። እሳቸው እንዳያፍሩ እህትየዋ ዝም፣ እህትየዋ እንዳያዝኑባቸው እሳቸው ዝም። ሁለቱንም አንገታቸውን ይዤ ባጋጫቸው ደስ ባለኝ።

ወጥ ቤት ገብተን እትዬ አባይነሽ ስፌቱን በመቀስ ጫፍ አንድ በአንድ ፈቱት። ውስጡ ምንም ዕቃ የለም። አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። መነጽራቸውን ፈልገው ሲያጡ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ቆሜ አነበብኩላቸው።

"እህቴ አባይነሽ፣ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምልክልሽ ዕቃ የለኝም። የላክሁልሽ ይኼን ወረቀት ያመጣልሽን ሰው ነው። ክብረት ይባላል። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ያስታመመኝ እሱ ነው። እዚያ አገር አንድም ዘመድ የለውም፣ ዓይን አፋር ስለሆነም ለማንም አይናገርም። እኔ እስክመጣ ወንድምሽ እሱ ነው። ብቻውን እንዳይበላ። አደራ።"

መጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነው የጨረስኳት። ጋሽ ክብረት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እንደ ሕፃን ልጅ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ አልሆነላቸውም። እትዬ አባይነሽ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።  ከዚያ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡና ምድጃው ጋ ሄዱ።

"ክብረት" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ምሳ በልተሃል?"

"አልበላሁም" አሉ ጋሽ ክብረት።